ተጓዡ ጭንቅላት

«ሜትራችን ዝጓል መሰለኝ» አለች ዳኛዋ፣ ወንበሯን ከኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ።

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ሜትር የሚሉት እኔን ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆስፒታሎች ተባብረው አንድ ጥናት ሊጀምሩ ነበር። የአንጎል ትንንሽ የደም ሥሮች እየጠበቡና እየደነደኑ ሲሄዱ ሰው ቀስ በቀስ መርሳት ይጀምራል። የተጎዳው ቦታ በኤም አር አይ ምስል ላይ እንደ ኖራ ጠብታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደሚሰፋ ብንለካ፣ ማን ቶሎ እንደሚረሳና የትኛው ሕክምና እንደሚያዘገየው ለማወቅ እንችላለን። ችግሩ፣ አራቱ ሆስፒታሎች ያሏቸው ማሽኖች አራት ዓይነት ናቸው። አንዱ አሮጌ፣ አንዱ በልገሳ የተገኘ፣ አንዱ በረባ ባልረባው የሚቆም፣ አንዱ ደግሞ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ። አንድ ሕመምተኛ ዘንድሮ በአንዱ፣ ለከርሞ በሌላው ቢነሣና ነጩ በዝቶ ቢገኝ፣ በሽታው ነው የባሰው ወይስ ማሽኑ ነው የተለየው? ማንም አያውቅም። ስለዚህ አስቀድመን ማሽኖቹን ማስማማት ነበረብን፤ የምስሉ ቁራጭ ውፍረት፣ የማግኔቱ አስተካከል፣ የነጩ አቆጣጠር፣ ሁሉም አንድ ደንብ እንዲከተል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጤነኛ ጭንቅላት ነው። ያው ጭንቅላት በአራቱም ማሽን ይገባል። ጭንቅላቱ አይለወጥምና ምስሉ ከተለያየ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሁለት ተጓዦች ነበርን። ሁለተኛዋ በመኪና አደጋ እግሯ ተሰብሮ ብረት ስለገባላት ከማግኔቱ ራቀች። ሌላ ሰው እንፈልግ ስንል፣ ሆስፒታሎቹ ማሽናቸውን የሚሰጡን በሕመምተኞች መሐል ክፍተት ሲገኝ ብቻ ሆነ፤ ክፍተቱም ለሁለት ሰው አይበቃም ነበር። «አንድ ይበቃል» ተባለ። ማንም አልተቃወመም። እኔ ፊዚክስ የተማርኩ የጥናቱ አስተባባሪ ነኝ፤ ጉንፋን እንኳ እምብዛም አይደፍረኝም። ከእኔ የተሻለ ሜትር ከየት ይመጣል?

ዳኛዋ ራዲዮሎጂስት ናት። ዳኛ ያልናት ምስሉ ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ሳታውቅ በኮድ ብቻ እያየች ስለምትፈርድ ነው። የመጀመሪያው ማሽን ወፍራም ወፍራም አድርጎ የቆረጠው ምስሌ ንጹሕ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ግን በቀኝም በግራም፣ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው የአንጎል ጫፍ ላይ፣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱት ያለ ነጭ ታየ።

«እዚያ ጫፍ ሁሌም ያስቸግራል» አሉ ፕሮፌሰሩ። የጥናቱ መሪ ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ሰው ሲሳሳት እንኳ «እስቲ እንደገና እንየው» እንጂ «ተሳስተሃል» አይሉም። «አጠገቡ አጥንት ውስጥ አየር አለ። አየር ባለበት ማግኔቱ ይዛባል፤ ማግኔቱ ሲዛባ የሌለ ነጭ ይፈጠራል። የመሣሪያ ጣጣ ነው።»

«ወይ የሜትሩ» አለች ዳኛዋ። «ሲያስገቡት ሲያስወጡት ጠርዙ ተላጠ።»

«መጀመሪያስ ጠርዝ ነበረኝ?» አልኳት።

ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብለው ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ማሽኖቹ እዚያ ቦታ ላይ መስማማት ካልቻሉ ቦታውን ከቆጠራው ማውጣት፤ የቀረው አንጎል ይበቃናል።

«እኔን ትንሽ ይከብደኛል» አለች ዳኛዋ፣ አሁን ሳቋን ትታ። «በዘር የሚተላለፍ አንድ ዓይነት አለ። ገና በጎልማሳነት የሚጀምር። መጀመሪያ ከሚያነጣቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ጫፍ ነው። ካወጣነው ያ የያዛቸውን ሰዎች አናያቸውም።»

«ስንት ናቸው እነሱ?»

«ጥቂት። በጣም ጥቂት።»

«ለጥቂቶቹ ስንል የሁሉንም ልኬት ብናበላሽ ለማንም አይጠቅምም» አሉ ፕሮፌሰሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ በያዙት ማስረጃ ከሄድን ትክክል ነበሩ። «አራተኛው ማሽን ይቀረናል። እሱም ካላጠራልን ቦታውን እናወጣና ደንቡን እናጸድቃለን። ሰኞ እንጨርስ።»

ሁሉም ወረቀቱን ሰበሰበ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሳቄ ፊቴ ላይ እንዳለ ደርቆ ነበር።

*

እናቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ነበረች ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። የቤታችን የፊት ክፍል ፀጉር ቤት ነው፤ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ማጠቢያ፣ ከግድግዳው ግማሽ የሚሆን መስታወት።

ሕመሟን መጀመሪያ ያወቅንባት በአንዲት ደንበኛ ነው። የሴትዮዋን ግማሽ ራስ በቢጎዲን ጠቀለለችና እጇን ታጥባ ምሳዋን ልትበላ ገባች። ሴትዮዋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ እህቴ ከገበያ ስትመለስ «ይሄ ግማሹ ነው እንዴ የዘንድሮ ፋሽን?» ብላ ጠየቀቻት። ያን ቀን በሳቅ ነበር የሞትነው። እናቴም እንባዋ እስኪፈስ አብራን ሳቀች። ከዚያ የመቀስ ቦታ ጠፋባት፤ ከዚያ የደንበኞቿ ስም፤ ከዚያ የመጸዳጃ ቤቱ በር። ዕድሜዋ ገና ነበር። ሐኪሙ ምስሏን አይቶ «ትንንሽ የደም ሥሮቿ ናቸው፤ ደም ግፊት የሚያመጣው ነው» አለን። ግፊትም ነበረባት፤ ስለዚህ አመንን። እኔም ይህን ሥራ የፈለግሁት በእሷ ምክንያት ነው።

ከስብሰባው ስመለስ መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ማበጠሪያዎቹን በመጠናቸው ትደረድር ነበር።

«መጣህ የኔ ልጅ? ትምህርት እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ እማ።» ትምህርት ከጨረስኩ ቆይቻለሁ፤ ማረሙን ግን ትተነዋል።

«እህትህ ተኝታለች። አትጩህ።»

እህቴ ከጓዳ መጋረጃውን ዘግታ፣ ፎጣ ግንባሯ ላይ አድርጋ ተጋድማለች። ራስ ምታቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያማታል። ሊነሣባት ሲል ዐይኗ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ብርሃን ይሽከረከርባታል።

«አንተ ነህ?» አለችኝ ዐይኗን ሳትገልጥ። «ያ ማሽንህ ውስጥ አስገባኝና ይቺን መጋዝ አውጣልኝ ብዬህ አልነበር? የተማረ ወንድም ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«ወረፋ አለ።»

«ለእህትም ወረፋ! ሂድ፣ ሂድ፣ እማ ውኃውን ከፍታ እንዳትተወው እይልኝ።»

ክፍሌ ገብቼ የእናቴን ምስል የያዘውን ሲዲ ከመሳቢያ አወጣሁ። ድሮ ሐኪሙ ሲያሳየን ያየሁት መሐሉን ብቻ ነበር፤ ያኔ የት ማየት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። አሁን ቀጥታ ወደ ጫፉ ሄድኩ። በቀኝ፣ ከዚያም በግራ። ወተት እንደፈሰሰበት ጨርቅ ነጥቷል።

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ጎልማሳ ሳለ ጫማውን እያሰረ ባለበት ወድቆ አንድ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ብዙም አልቆየም። አያታችን ደግሞ «ሳታረጅ ጃጀች» ይባል ነበር። ይህን ሁሉ ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን ማንም አንድ ላይ አድርጎ አልነገረኝም፤ እኔም አንድ ላይ አላደረግሁትም። የአንድ ቤተሰብ መከራ እንዲሁ ተበታትኖ ሲታይ የዕድል ጉዳይ ይመስላል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁትና ከራሴ ጋር ክርክር ጀመርኩ። አንደኛው ማሽን ንጹሕ ብሎኛል። ግን በወፍራሙ ቆርጦ ነው፤ ትንሽ ነገር ያልፈዋል። ሁለቱ ነጭ አሳይተዋል። ግን ሁለቱም ማግኔታቸውን በደንብ አያስተካክሉም። ፕሮፌሰሩ የመሣሪያ ጣጣ ነው ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ምሳ እየበላሁ ተከራከርኩ፣ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ተከራከርኩ፣ ሰው ሲያናግረኝ «አቤት?» እያልኩ ተከራከርኩ። ደግሞ «አቤት?» ባልኩ ቁጥር እደነግጣለሁ። መርሳት ጀመርኩ እንዴ? ቁልፌን የት አደረግሁት? ሁሉም ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለው።

*

የአራተኛውን ሆስፒታል ቴክኒሻን ፓይለት ይሉታል። ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ጫማህን ሳትጠርግ አያስገባህም፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችውን ጠረጴዛውን ደግሞ ኮክፒት፣ የአብራሪ ክፍል፣ ነው የሚላት።

«ሜትር! እንኳን ደህና መጣህ! ብረት?»

«የለኝም።»

«ቁልፍ? ሳንቲም? የተደበቀ የወርቅ ጥርስ?»

«ደመወዜን ታውቀው የለ?»

«እሱስ እውነት ነው።» አልጋው ላይ አስተኛኝ፤ ጆሮዬን በስፖንጅ ወተፈ፤ ፊቴ ላይ የሚደፋውን የፕላስቲክ ቅርጫት ከማውረዱ በፊት ግን ቆም አለ። «እንግዲህ ሁለት ዓይነት በረራ አለ። አንደኛው፣ ማግኔቱ ራሱን በራሱ ያስተካክል። ቶሎ ያልቃል፤ ሌሎቹም ቤት የሚያደርጉት እሱን ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ጥጉን ሁሉ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ያኔ ጆሮህ ጋ ያለው አየር እንኳ አያታልለኝም። ግን ትሰለቻለህ። የቱ ይሁን?»

ፈጣኑን ብመርጥ ምስሉ እንደሌሎቹ ብዥ ብሎ ይወጣል። ሰኞ ቦታው ከቆጠራው ይወጣል። ደንቡ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ በአራቱም ሆስፒታል ማንም ሰው እዚያ ጫፍ ላይ አያይም፤ እኔም አላይም። ጥርጣሬዬን ይዤ መኖር እችላለሁ። ጥርጣሬ ያን ሰሞን የነበረኝ ብቸኛ ጥሩ ነገር ነበር።

«በእጅህ» አልኩት።

ጀግንነት አይደለም። ተስፋ ነበር። ማግኔቱ በደንብ ሲስተካከል ነጩ ይጠፋል፣ ነፃ እወጣለሁ ብዬ ነው።

አልጋው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። ማሽኑ ማንኳኳት ጀመረ፤ ባዶ በርሜል በመዶሻ እንደሚመቱት፣ ከዚያ እንደ ፋብሪካ ጥሪ፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ መዶሻ። ሥራዬ ማሽኖችን ማስማማት ነው። ለዚያ ነው የተማርኩት፣ ለዚያ ነው የምታገለው። እዚያ ውስጥ ተጋድሜ ግን ማሽኖቹ እንዳይስማሙ ለመንኩ። ይህ አንዱ ከሌሎቹ ይለይ። ሌሎቹ ዋሽተው ይገኙ። በጥናቱ ላይ የለፋንበት ሁሉ ከንቱ ይሁን፤ ብቻ እኔ ንጹሕ ልሁን። አንገቴን ትንሽ ባንቀሳቅስ ምስሉ እንደሚበላሽም አሰብኩ። ትንሽ ብቻ፤ እንደ ማሳል ያህል። ማንም አይወቅሰኝም። ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ ሰውነቴ ዝም ብሎ መተኛትን ከእኔ በላይ ለምዶታል።

ስወጣ ፓይለቱ አልቀለደም። ኮክፒቱ ጋ ሄጄ ከጀርባው ቆምኩ።

«ምስሉ እኮ በጣም ቆንጆ ነው» አለ፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «እንዲህ የጠራ አውጥቼ አላውቅም። ግን እዚህ ጋ…»

በቀኝም በግራም ነበር። ትንፋሽ አይመስልም አሁን። ጠርዝ አለው።

«ማሽኑ ነው» አልኩ።

«የኔ ማሽን?»

«አየሩ ነው የሚያዛባው። ሌሎቹም ቤት እንዲሁ ነው የሆነው።»

«ስማ፣ ሌሎቹን ቤት ተዋቸው። አየሩን እኔ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት። የኔን ማሽን ነው የምትጠረጥረው?» ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ሰዓቱን ፈታ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ኪሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «ና፣ ተቀመጥ። ማብረሩን ታውቅበት የለ? እኔ እገባለሁ። ያንኑ ማስተካከያ፣ ያንኑ ቁራጭ። የኔም ጭንቅላት አየር ሞልቶታል፤ ሚስቴን ጠይቃት። ማሽኑ ነጭ የሚፈጥር ከሆነ በኔም ላይ ይፈጥራል።»

ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ሁለተኛ ጭንቅላት። ስንት የተማርን ሰዎች ስብሰባ ተቀምጠን፣ አንድ ሜትር ብቻ ይዘን፣ ሁሉም ነገር ከሜትሩ ሲለይ ነገሩ ተሳሳተ እያልን ነበር። ሜትሩን በምን ልንለካው እንደምንችል ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ፓይለቱ ገባ። ቁልፎቹን ተጫንኩ። ምስሎቹ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እየመጡ ስክሪኑን ሞሉት፤ የአንገቱ ሥር፣ ጥርሱ፣ የዐይኑ ኳስ። ከዚያ ጫፉ መጣ። ነጭ እንዲሆን ተመኘሁ። አንድ ደግ ሰው፣ ሚስት ያለው፣ ማሽኑን የሚወድ ሰው፣ አንጎሉ ላይ ነጭ እንዲወጣበት ከልቤ ተመኘሁ።

ጥቁር ግራጫ ነበር። እንደ ተወለወለ ድንጋይ። በቀኝም ንጹሕ፣ በግራም ንጹሕ።

ከአልጋው ወርዶ ቀበቶውን እያሰረ መጣና ስክሪኑን አየ። «አየህ!» ብሎ እጁን አጨበጨበ። «አየህ! ንጹሕ! ማሽኔ አይዋሽም አላልኩህም? እኔ እኮ…»

ከዚያ ፊቴን አየ። እጁ እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ።

«ሜትር» አለኝ በቀስታ። «እናትህ ናቸው አይደል የታመሙት?»

«አዎ።»

ወንበር ሳበልኝ። ውኃ አመጣልኝ። የጠረጴዛውን ሳንቲሞች ወደ ኪሱ መለሰ፤ መልሶ አወጣቸው።

«እኔ ቁልፍ ተጫኝ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ምንም አላየሁም። የኔ ምስል በእቅዱ ውስጥ የለም፤ አጥፋው ካልክ አጠፋዋለሁ። ላከው ካልክም እልከዋለሁ። እንደፈለግህ።»

የሱ ምስል ከጠፋ የእኔ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ምንም አይልም። ፕሮፌሰሩ «አራተኛውም አላጠራልንም» ይላሉ። እንደ እናቴ ያሉ ሰዎች ሁሉ፣ ልጆቻቸውም፣ ወደነዚህ ማሽኖች ገብተው ይወጣሉ፤ «ደም ግፊት ነው» ይባላሉ። በልቤ አጥፋው እያልኩ ነበር። አፌ ግን «ላከው» አለ። ሁለቱም እኔ ነበርኩ።

*

ሰኞ ዳኛዋ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈተች። በኮድ ብቻ ነው የደረሷት።

«ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለች። «የትኛው እንደሆነ ባላውቅም ሁለቱ ከአንድ ማሽን እንደመጡ፣ ማስተካከያቸውም አንድ እንደሆነ ኮዱ ላይ ተጽፏል። ግን የአንድ ሰው አይደሉም፤ እዩት የአጥንቱን ቅርጽ። አንደኛው ጫፉ ንጹሕ ነው፤ አንደኛው ግልጽ ነጭ አለው። ስለዚህ ማግኔቱ በእጅ ከተስተካከለ ይህን ቦታ ማመን ይቻላል ማለት ነው! ማውጣት የለብንም። ይቺን ሐሳብ ያመጣ ሰው ይመረቅ። ብቻ ነጩ ያለበት ሕመምተኛ ሐኪሙ ቶሎ…» ድንገት አንደኛውን ምስል አተኩራ አየችው። ያን አጥንት ስንቴ አይታዋለች። «ይሄ… ቆይ።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ዳኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ ዝጓል ብዬ…» አለችና መጨረስ አቃታት።

«ቀልድ ነበር» አልኳት። «ጥሩ ቀልድ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ስብሰባውን በትነው እኔን ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት ሥር ወሰዱኝ። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ አጎቴ፣ ስለ አያቴ። በየመልሴ አንገታቸው ወደ ታች ይወርድ ነበር።

«የዘር ምርመራ በደም እናደርጋለን» አሉኝ። «እስኪመጣ ምንም አልልህም።»

«ምን እንደሚል ግን ያውቁታል።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«መድኃኒት አለው ፕሮፌሰር?»

«ግፊትህን እንጠብቃለን። ሲጋራ አታጨስም፤ እሱ ጥሩ ነው። እንቅስቃሴ…»

«ይሄ መልስ አይደለም።»

«አይደለም» አሉ። «ልጄ፣ እኛ እኮ ገና መለካቱን ነው የጀመርነው።» ትከሻዬን ያዙ። «ቦታው ከቆጠራው አይወጣም። ይህን ቃል እገባልሃለሁ።»

እውነት ነው፣ አልወጣም። በአራቱም ሆስፒታል ማግኔቱ በእጅ እንዲስተካከል፣ ጫፉ በቀጭኑ እንዲቆረጥ፣ ተጓዦቹም ቢያንስ ሦስት እንዲሆኑ በደንቡ ተጻፈ። ማሽኖቹ ተስማሙ። ከሦስቱ ተጓዦች ውስጥ እኔ የለሁበትም።

*

ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ አስቤ ነበር። ቤት ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ደንበኛ አልነበረም። እህቴ ማጠቢያው ጋ ፎጣ ታጥፍ ነበር። ገና ስታየኝ ፎጣውን አስቀመጠች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይነጣም። ተናገር።»

ተናገርኩ። የእናታችን ደም ግፊት ብቻ እንዳልሆነ፣ በዘር እንደሚሄድ፣ እኔ ላይም እንደታየ። እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። እኔ ሳለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ፊቷ ቀስ በቀስ ተቆጣ።

«ማነው ግባ ያለህ?»

«ሥራዬ ነው። ጤነኛ መስሎኝ…»

«አንተ ስትገባ እኔንም ይዘኸኝ ነው የገባኸው!» ጮኸች። «ጠይቀኸኛል? እማ ታመመች፣ እሺ፤ እማን አስታምማለሁ፣ ራሴን ችዬ እኖራለሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። አሁን እኔም… ስንት ነው? ንገረኝ። ስንት በስንት ነው?»

«ግማሽ በግማሽ። ለያንዳንዳችን ለየብቻ። የኔ መሆን ያንቺን አይወስንም።»

«የኔ መጋዝስ?»

መልሱን አውቀው ነበር። እንዲህ ያለ ራስ ምታት በዚህ በሽታ ይበዛል፤ ራስ ምታት ያለበት ሰው ሁሉ ግን በሽታው የለበትም። ሁለቱንም ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ቀድማ የመጀመሪያውን ከፊቴ አነበበችው።

ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ጩኸቷ አለቀ።

«ከመጀመሪያው እስከ አሁን» አለች፣ የመስታወቱን እግር እያየች፣ «እማን ስንት ጊዜ ፈጀባት? እንዴት ነው የሚሄደው? ቶሎ ነው? ምስሏን በየጊዜው አስነሥተናት የለ? እሱን አይተህ ንገረኝ።»

«አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም? የተማርከው ለምንድን ነው?»

«እያንዳንዱ ምስል የተነሣው በሌላ ማሽን ነው፣ በሌላ አቆራረጥ። አንዱን ካንዱ ማነጻጸር አይቻልም። በሽታው ይሂድ ማሽኑ ይለይ ማንም አያውቅም። የሷን አናውቀውም። ከአሁን ወዲያ የሚነሣ ሰው ነው…»

«ከአሁን ወዲያ» አለች። «እኔና አንተ ማለት ነው።»

«ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም። ላለማወቅ መብት አለሽ።»

«አሁን?» አለችና ሳቀች፤ አስቀያሚ ሳቅ ነበር። «አሁን ምኑን ነው የማላውቀው?»

ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ፊቷን በፎጣ ሸፍና፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተነቃነቀ። እናታችን ከጓዳ ወጣች። ነጠላ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አድርጋለች። ማጠቢያው ጠርዝ ላይ የተቀመጠችውን አየች፤ ያወቀቻት አልመሰለኝም። የራስ ቅሏን ግን አየችው፣ ፀጉሯን፣ የአንገቷን አጎነባበስ። ይህን እጇ ያውቀዋል።

«እንዲህማ አይሆንም የኔ እመቤት» አለቻት በደንበኛ ድምፅ። «ጋደም በይልኝ። ውኃው ለብ ያለ ነው።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም እኔን አየችኝ። ምንም ሳትል ወንበሩ ላይ ተጋደመችና ራሷን ወደ ማጠቢያው ሰጠች።

እናቴ ውኃውን በክንዷ ለካች፤ ሻምፑውን በመዳፏ አረፋ አደረገችው፤ ከግንባር ወደ ኋላ፣ ከጆሮ በላይ ዞራ፣ ማጅራቷን በአውራ ጣቶቿ እያሸች አጠበቻት። አንድም ነገር አልተሳሳተችም። አለቀለቀችው። ጨመቀችው። ፎጣ አቀበልኳት። ፎጣውን ይዛ ትንሽ ቆመችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው፤ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃውን በክንዷ ለካች።

«ጋደም በይልኝ የኔ እመቤት» አለች።

እህቴ አልተነሣችም። ዐይኗን ጨፍና እንደገና ራሷን ሰጠች፤ እናቴም ሻምፑውን በመዳፏ አረፋ አደረገችው። ሦስተኛ ስትጀምር ላስቆማት እጄን ዘረጋሁ።

«ተዋት» አለችኝ እህቴ፣ ዐይኗን ሳትገልጥ። «ተዋት፤ ታጥበኝ።»